የመንጋጋ መገጣጠሚያ ቅየራ የኮምፒውተር ዕቅድ ምንድን ነው?

ወሎ ገጠር ውስጥ ልጅ ከሾላ ዛፍ ወይም ከበቅሎ ጀርባ ወድቆ አገጩ ሲፈነከት፣ ቤተሰብ የሚያየው አገጩን ነው። ቁስሉ ይሰፋል፣ ይድናል፣ ይረሳል። ስብራቱ ግን ጆሮው ሥር ሊሆን ይችላል። አገጭ ላይ ያረፈው ምት በመንጋጋው ሽቅብ ሄዶ ቀጭኑን የአጥንት አንገት ይሰብረዋል። ሳይታከም ከቆየ መንጋጋው ከራስ ቅሉ ጋር አንድ አጥንት ሆኖ ሊጣበቅ ይችላል። መግል የሚያወጣ ጆሮም ችላ ከተባለ እዚሁ ሊያደርስ ይችላል። ያኔ ጉርሻ ቀርቶ ማንኪያም አልገባ ይላል።

እንዲህ የተጣበቀ የመንጋጋ መገጣጠሚያ፣ ማለትም ጆሮ ሥር መንጋጋና የራስ ቅል የሚገናኙበት ቦታ፣ በአዋቂ ሰው ላይ ተቆርጦ በሰው ሠራሽ ሊቀየር ይችላል። የኮምፒውተር ዕቅድ ማለት ሐኪሙ ምላጭ ከማንሳቱ በፊት ቀዶ ጥገናውን ስክሪን ላይ ሠርቶ ማየቱ ነው። መነሻው ሲቲ ስካን ነው። ሶፍትዌሩ ስስ ስስ ምስሎቹን ደርድሮ የታካሚውን የራስ ቅል በሦስት አውታር ያወጣዋል።

ከዚያ ሐኪሙና መሐንዲሱ ይመካከራሉ። አጥንቱ ከየት እስከ የት ይቆረጥ? መንጋጋው ምን ያህል ወደ ፊት ይምጣ? ብሎኖቹ የት ይግቡ፣ ስንት ሚሊ ሜትር ይርዘሙ? እኔ ከሁሉም አስበልጬ የማየው ይሄን ምክክር ነው። ከመገጣጠሚያው በላይ ያለው አጥንት በጣም ስስ ነው፤ ከሱ በላይ አንጎል አለ። በውስጥ በኩል ትልቅ የደም ቧንቧ ያልፋል። መንጋጋው ውስጥ ደግሞ ለታችኛው ከንፈር ስሜት የሚሰጥ ነርቭ አለ። እነዚህን አስቀድሞ ለክቶ መግባትና በግምት መግባት የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ።

ዕቅዱ ሲያልቅ የመቁረጫ መምሪያ በስሪዲ ፕሪንተር ይታተማል። አጥንቱ ላይ ልክክ ብሎ ይቀመጥና መጋዙን ይመራል። መገጣጠሚያውም በታካሚው ልክ ይሠራል። መንጋጋ ላይ በብሎን የሚታሰረው ክፍል ብዙ ጊዜ ታይታኒየም ነው፣ ከራስ ቅሉ በኩል የሚቀመጠው ጎድጓዳ ክፍል ደግሞ ጠንካራ ፕላስቲክ። በልክ የተሰፋ ልብስ በሉት። ሲቲው ከተነሳ በኋላ ጥርስ ከተነቀለ ወይም የጥርስ አገጣጠም ከተለወጠ ልኩ ሊሳሳት ስለሚችል ለሐኪሙ መንገር የግድ ነው።

ብረት ከልጅ ጋር አያድግም። ስለዚህ ለሕፃናት ብዙ ጊዜ ከራሳቸው ጎድን አጥንት ተወስዶ ይተካላቸዋል። ልጃችሁ አገጩን ተመትቶ ከሰነበተ በኋላ የራሱን ሦስት ጣቶች ደርቦ አፉ ውስጥ ማስገባት ካቃተው፣ ዛሬ ነገ ሳትሉ ሐኪም ዘንድ ውሰዱት።