ፕሮሞተር እና የነርቭ ሕዋስ ልየታ፦ አጠቃላይ ዳሰሳ

ፕሮሞተር በዘረ መል መነሻ አካባቢ የሚገኝ፣ አርኤንኤ ፖሊሜሬዝ 2 የተባለው ኢንዛይም ከየት ተነሥቶ ዘረ መሉን ወደ አርኤንኤ እንደሚገለብጥ የሚወስን የዲኤንኤ ክፍል ነው። የአንድ አካል ሕዋሳት ከሞላ ጎደል ተመሳሳይ ዲኤንኤ ስለሚይዙ፣ ግንደ ሕዋስ (ገና ሥራው ያልተለየ ሕዋስ) ወደ ነርቭ ሕዋስ ሲለወጥ የሚቀየረው የትኛው ዘረ መል መቼ ይነበባል የሚለው ነው።

ከመነሻው 25–30 ቤዝ (የዲኤንኤ ፊደል) ቀደም ብሎ የሚገኘው ታታ ቦክስ የተባለ አጭር ቅደም ተከተል በስፋት ቢታወቅም፣ አብዛኞቹ የሰው ፕሮሞተሮች ይህ የላቸውም፤ ይልቁንም ሲ እና ጂ ፊደሎች ተከታትለው በሚበዙባቸው፣ ሲፒጂ ደሴት በሚባሉ አካባቢዎች ላይ ያርፋሉ።

የነርቭ ዘረ መሎችን ፕሮሞተር ከሚቆጣጠሩት መካከል በጥልቀት ከተጠኑት አንዱ ሬስት የተባለው አጋጅ (ዘረ መል እንዳይነበብ የሚከለክል) ፕሮቲን ነው። በ1995 ሁለት የምርምር ቡድኖች በየፊናቸው ያገኙት ሲሆን፣ ግኝቱ ለሞለኪውላዊ ሥነ ሕይወት ከታላላቅ ስኬቶቹ አንዱ ሊባል ይገባዋል። ሬስት 21 ቤዝ ያህል ርዝመት ባለው አርኢ1 በተባለ ቅደም ተከተል ላይ ይጣበቅና፣ ኮሬስትና ሲን3 የተባሉ አጋዥ ፕሮቲኖችን ወደ ቦታው ይጠራል፤ እነርሱም አሴቲል የተባለውን ኬሚካላዊ ምልክት ከሂስቶኖች (ዲኤንኤ ከሚጠመጠምባቸው ፕሮቲኖች) ላይ የሚያነሡ ኢንዛይሞችን ይዘው ስለሚመጡ ክሮማቲኑ (የዲኤንኤና የሂስቶኖች ጥቅል) ጥብቅ ይሆናል፣ የሶዲየም ቻነልን የመሰሉ የነርቭ ዘረ መሎችም ነርቭ ባልሆኑ ሕዋሳት ውስጥ ዝም ይላሉ። ግንደ ሕዋሱ ወደ ነርቭ ቅድመ ሕዋስ ሲያልፍ ሬስት ዩቢኩዊቲን በተባለ ትንሽ ፕሮቲን ምልክት ተደርጎበት፣ ፕሮቲያሶም በተባለው የሕዋሱ ፕሮቲን አፍራሽ መሣሪያ ይፈርሳል፤ ቅድመ ሕዋሱ ነርቭ ሲሆን ደግሞ ሬስትን የሚያስገኘው ዘረ መል ራሱ ይዘጋል።

በ2006 የታተመ ጥናት በግንደ ሕዋሳት ውስጥ በርካታ የእድገት ዘረ መሎች ፕሮሞተር የማንቂያና የማገጃ ምልክቶችን በአንድነት እንደሚይዝ አሳይቷል። ይህ ድርብ ምልክት ዘረ መሉን ለፈጣን ውሳኔ ያዘጋጃል የሚለው ትርጓሜ ግን እስካሁን ያከራክራል።

አስክል1 እና ኒውሮጀኒን2 የመሳሰሉ አንቂ ፕሮቲኖች ኢ-ቦክስ በተባለው ቅደም ተከተል ላይ ይሠራሉ። በ2010 አስክል1 ከሌሎች ሁለት ፕሮቲኖች ጋር የአይጥ ፋይብሮብላስትን (ነርቭ ያልሆነ የተያያዥ ሕብረ ሕዋስ ዓይነት) ወደ ነርቭ ሕዋስ ቀይሯል።

አንድ ዘረ መል ብዙ ፕሮሞተር ሊኖረውም ይችላል። የነርቭ ሕዋሳትን እድገት የሚደግፍ ፕሮቲን የሚያስገኘው የአይጥ ቢዲኤንኤፍ ዘረ መል ከተለያዩ ፕሮሞተሮች ቢነበብም ፕሮቲኑ ያው ነው፤ ፕሮሞተር 4 በተለይ ካልሲየም ወደ ሕዋሱ ሲገባ ክሬብ በተባለ አንቂ ፕሮቲን አማካይነት ይነቃል። በ2008 ተመራማሪዎች የክሬብን መጣበቂያ በዚህ ፕሮሞተር ላይ ብቻ ሲያበላሹ፣ በአይጦቹ የአንጎል ቅርፊት ውስጥ የሚያረጋጉ ሲናፕሶች (የሌላውን ነርቭ ሕዋስ እንቅስቃሴ የሚገቱ መገናኛዎች) ቁጥር ቀንሶ ተገኝቷል።