የእንቅልፍ ጭንቀት ምንድን ነው?

ጅማ ውስጥ "እንቅልፍ እንቢ አለኝ" ያለ ሰው መጀመሪያ የሚሰማው ምክር "ቡና ቀንስ" ነው፤ ቀጥሎ "ጫት ተው" ይመጣል። ሁለቱም እውነት አላቸው፣ ወደ ታች እመለስባቸዋለሁ። ግን ቡናውን ትቶ፣ ጫቱንም ሳይነካ፣ ሥራ አድክሞት አልጋ ላይ የወጣና ገና ራሱን ትራስ ላይ ሲያሳርፍ ልቡ ድው ድው የሚልበት ሰው አለ። እሱን እንቅልፍ የነሳው ስለ እንቅልፍ ያለው ፍርሃት ነው። "ዛሬም ባይወስደኝስ? ነገ በምን አቅሜ ልሠራ ነው?" ይላል። የእንቅልፍ ጭንቀት የሚባለው ይህ ነው።

ጂሬን አካባቢ የምትኖር አንዲት መምህርት አውቃለሁ። ማታ ቴሌቪዥን ፊት ሶፋ ላይ ተቀምጣ ዜናው ሳያልቅ ታንጎላጃለች። ልጇ "እማ፣ ተነሺና አልጋሽ ላይ ተኚ" ትላታለች። ትነሳለች፣ መኝታ ቤት ትገባለች፣ መብራቱን ታጠፋለች፤ ያኔ ዐይኗ ቁልጭ ይላል። ስልኳን አንስታ ታያለች፤ ከሌሊቱ 7 ሰዓት። "12 ሰዓት ላይ ነው የምነሳው፣ አሁን ቢወስደኝ 5 ሰዓት አገኛለሁ።" 8 ሰዓት ሲሆን 4 ቀረ፣ 9 ሲሆን 3። ስትገላበጥ ቆይታ የሱብሒ አዛን ይሰማል። "በቃ፣ የዛሬውስ አለቀ" ብላ ተስፋ ስትቆርጥ ሸለብ ያደርጋታል።

የችግሩ ጠባይ በሙሉ እዚህች ሌሊት ውስጥ አለ። ሶፋው ላይ እንቅልፍ የመጣው ስላልፈለገችው ነው። አልጋው ላይ የጠፋው አጥብቃ ስለፈለገችው ነው። ንጋት ላይ የተመለሰው ደግሞ መፈለጓን ስላቆመች ነው። ሶፋ ላይ የሚያንጎላጅና አልጋ ላይ የሚነቃ ሰው የእንቅልፍ አቅሙ አልተበላሸም፤ ይህን ማወቁ ብቻውን ብዙ ሰው ያረጋጋል።

ነገሩ የሚሠራው እንዲህ ነው። ነቅተን በቆየን ቁጥር አንጎላችን ውስጥ አዴኖሲን የሚባል ንጥረ ነገር ይጠራቀማል፤ በተጠራቀመ ቁጥር እንቅልፉ ይጫነናል። ከዚህ ጎን ለጎን ብርሃንና ጨለማን እየተከተለ የሚሄድ የውስጥ ሰዓት አለን። ሁለቱ ሲገጣጠሙ እንቅልፍ ማንም ሳያዘው ይመጣል። ሁለቱንም የሚሽር ሌላ ኃይል ግን አለ፤ አደጋን የሚጠብቀው የአንጎል ክፍል። አደጋ የመጣ ከመሰለው አድሬናሊን ያስለቅቃል፣ ልብ ይፈጥናል፣ ጡንቻ ይወጠራል። በር ላይ ጅብ ቢቆም ይህ ንቃት ሕይወት ያተርፋል። ችግሩ "ካልተኛሁ አለቀልኝ" የሚለውንም ሐሳብ አንጎላችን እንደ ጅቡ መቁጠሩ ነው። ይህ ለሳምንታት ሲደጋገም አልጋው ራሱ የማስፈራሪያ ምልክት ይሆናል፤ ገና ሲያዩት ሰውነት ይነቃል።

መነሻው ብዙ ጊዜ ሌላ ነው። ፈተና ሊሆን ይችላል፣ ሐዘን፣ አራስ ልጅ፣ የቡና ዋጋ የወረደበት ዓመት። አርተር ስፒልማን የተባለው አሜሪካዊ የእንቅልፍ ተመራማሪ በ1987 እ.ኤ.አ. ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር ባሳተመው ጽሑፍ፣ እንቅልፍ ማጣትን የሚያስጀምረውና የሚያቆየው ነገር የተለያዩ መሆናቸውን አስረድቷል። ፈተናው ካለፈ በኋላ ችግሩን የሚያቆዩት ለማካካስ የምናደርጋቸው ነገሮች ናቸው፤ ገና በ2 ሰዓት አልጋ ላይ መውጣት፣ ጠዋት አርፍዶ መነሳት፣ ቀን ረጅም መተኛት። ደህና ሲተኛ የኖረ ሰው እነዚህን አያደርግም። የሚጨነቀው ግን ለራሱ የሚያዝን መስሎት የሌሊቱን እንቅልፍ ቀን ላይ ይጨርሰዋል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ከሁሉ የምመክረው የመነሻ ሰዓትን መቁረጥ ነው። ሌሊቱ እንዴትም ይለፍ፣ እሑድም ይሁን ሐሙስ፣ በተመሳሳይ ሰዓት መነሳት። ለሱብሒ ወይም ለቅዳሴ የሚነሳ ሰው ይህ አይከብደውም። ከጸሎት በኋላ ተመልሶ መተኛት ልማዱ ከሆነም መጨረሻ የሚነሳበት ሰዓት አይለዋወጥ። የመኝታ ሰዓት ግን አይቆረጥም፤ እንቅልፍ ሲመጣ ብቻ ነው ወደ አልጋ የሚኬደው። ድካምና እንቅልፍ ይለያያሉ፤ የደከመ ሰው ማረፍ ይፈልጋል፣ እንቅልፍ የመጣበት ግን ዐይኑን መግለጥ ያቅተዋል።

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ሪቻርድ ቡትዚን ከ1972 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያስተማረው ሁለተኛ ነገር አለ። አልጋ ላይ ወደ 20 ደቂቃ ገደማ ቆይተው እንቅልፍ ካልመጣ ተነሱ፣ ሌላ ክፍል ሄዳችሁ በደብዛዛ ብርሃን ጸጥ ያለ ነገር ሥሩ፣ እንቅልፍ ሲመጣ ተመለሱ። ደቂቃውን በሰዓት መቁጠር የለም፣ በግምት ነው፤ ሰዓቱም ስልኩም ከእጅ ይራቅ። "ሌላ ክፍል" የሚለው ግን አንዲት ክፍል ተከራይቶ ለሚኖር ሰው፣ ወይም ዶርም ውስጥ ተደራራቢ አልጋ ላይ ለሚተኛ ተማሪ አይሠራም። ለእነሱ የምለው ይህ ነው፤ ዋናው ከመኝታው ሁኔታ መውጣት ነው። ጋቢ ደርቦ በርጩማ ላይ ወይም መሬት ላይ በተነጠፈ ምንጣፍ ላይ መቀመጥ ይበቃል። ተማሪው ከአልጋው መውረድ ካልቻለ ቀና ብሎ ግድግዳ ተደግፎ ይቀመጥ። መቁጠሪያም ሆነ ሙስበሃ ይዞ ቀስ ብሎ መጸለይ ለብዙዎች ጥሩ ነው፤ ጸሎቱ ግን "አስተኛኝ" የሚል ልመና ብቻ ከሆነ ያንኑ እንቅልፍን መጠባበቅ መልሶ ያመጣል።

ሦስተኛው የሚገርም ይመስላል። የቪየናው የአእምሮ ሐኪም ቪክቶር ፍራንክል እንቅልፍ እንቢ ያላቸውን ሰዎች እንዲያውም ላለመተኛት እንዲሞክሩ ይመክር ነበር። ጨለማ ውስጥ በምቾት ጋደም ብለው፣ ዐይን ገልጠው፣ "ዛሬ ነቅቼ እቆያለሁ" ማለት ነው። ስልክ ሳይነኩ፣ ሳይንቀሳቀሱ። ትግሉ ሲቀር ፍርሃቱ የሚይዘው ያጣል።

ሐሳብ ማውጣትና ማውረድ ለሚያስቸግረው ሰው ደግሞ ምሽት 12 ሰዓት አካባቢ፣ ከእራት በፊት፣ ደብተር ይዞ ጥቂት መቀመጥ ይረዳል። የነገው ጉዳይና ለእያንዳንዱ የሚደረገው የመጀመሪያ እርምጃ ይጻፋል። ሌሊት ሐሳቡ ሲመጣ "ተጽፏል" ይባላል።

አሁን ወደ ቡናው። ቡና ውስጥ ያለው አነቃቂ ንጥረ ነገር፣ ካፌይን፣ የአዴኖሲንን ቦታ ይዞ የእንቅልፉን ጫና ይሸፍናል። ከጠጣነው ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት በአማካይ 5 ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል፤ ነፍሰ ጡር ላይ ደግሞ ከዚህ ብዙ ይቆያል። ማታ 1 ሰዓት ላይ አቦል ቶና በረካ ብሎ የጠጣ ሰው እኩለ ሌሊት ላይ ግማሹ ገና በደሙ ውስጥ ነው። ጅማ ላይ ቡና ተው ማለት ጉርብትናን ተው ማለት ነው፤ እኔም አልልም። ሰዓቱን ወደ ከሰዓት በኋላ መጀመሪያ አምጡት፤ ማታ ጎረቤት ከጠራም ሄዳችሁ ተጫወቱ፣ ሲኒውን ብቻ እለፉት።

የጫቱ ይከፋል። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የተባለው ንጥረ ነገር አሠራሩ አምፌታሚን ከሚባለው ኃይለኛ አነቃቂ መድኃኒት ጋር ይመሳሰላል፤ ምርቃናው ሲወርድ ደግሞ መረበሽና ፍርሃት ይተካል፣ ያም የሚሆነው ልክ በመኝታ ሰዓት ነው። ለመተኛት ብሎ በአልኮል ጨብሲ ማድረግ ቶሎ ያስተኛል፣ ግን የሌሊቱን ሁለተኛ አጋማሽ ይቆራርጠዋል፤ ሰውየው 9 ሰዓት ላይ አፉ ደርቆ ይነቃል።

አንዳንዱ ደግሞ የሚፈራው አለመተኛትን አይደለም፣ መተኛትን ነው፤ ዱካክ ስለሚጫነው። ሕልም በምናይበት የእንቅልፍ ክፍል ጡንቻዎቻችን እንዳይንቀሳቀሱ ይታገዳሉ። አእምሮ ቀድሞ ሲነቃና እገዳው ሲዘገይ ሰው ዐይኑ ተገልጦ መንቀሳቀስ ያቅተዋል፤ ሰው ደረቱ ላይ የተቀመጠበት ሊመስለው ይችላል። ከሴኮንዶች እስከ ጥቂት ደቂቃዎች ቆይቶ ይለቃል፣ አይገድልም። በጀርባ መተኛትና እንቅልፍ ማጣት ያበዙታል። ስለዚህ ዱካክን ፈርቶ ማምሸት መልሶ ዱካክን ይጠራል።

ችግሩ በሳምንት ሦስት ሌሊትና ከዚያ በላይ፣ ለሦስት ወር ከቀጠለ ሐኪም ይየው። ከኃይለኛ ማንኮራፋትና ትንፋሽ ማጠር ጋር ከመጣ፣ ወይም ሳይተኙ ጉልበት እየበዛ ከሄደ፣ ሦስት ወር አይጠበቅም። ሕይወት ያስጠላው፣ ራሱን ሊያጠፋ የሚያስብ ሰው ደግሞ ዛሬውኑ ይሂድ። የጅማ ሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው፤ እዚያ መሄድ የሚያሳፍር ነገር የለውም። የአሜሪካ የሐኪሞች ኮሌጅ በ2016 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ለረጅም ጊዜ እንቅልፍ ማጣት ቀድሞ መሰጠት ያለበት ከላይ እንዳየናቸው ያሉ ልምምዶችን የያዘው የንግግርና የባሕርይ ሕክምና ነው፣ መድኃኒት የሚከተለው ያ ካልበቃ ነው። ዲያዜፓም የተባለውን የሚያረጋጋ መድኃኒት ከጎረቤት ተቀብሎ መዋጥ አደገኛ ነው። ሰውነት ይለምደዋል፣ በድንገት ሲቆም እንቅልፉ ከበፊቱ ብሶ ይጠፋል። ለወራት የወሰደ ሰውም ከሐኪም ጋር ሆኖ ቀስ በቀስ ይቀንስ እንጂ በራሱ አያቁም።

ለቤተሰብም አንድ ነገር ልበል። በየጠዋቱ "እንቅልፍ ወሰደህ ወይ?" ብላችሁ አትጠይቁ። ከፍቅር እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን የሚጨነቀው ሰው ማታ አልጋው ላይ ሆኖ ነገ ምን ብሎ እንደሚመልስላችሁ ማሰብ ይጀምራል። ስለ ሌላ ጉዳይ አጫውቱት፤ የሌሊቱን እሱ ካነሳው ብቻ አዳምጡት።