የታዳጊዎች ጠብ፦ መነሻውና መከላከያው

ሁለት ልጆች ይጋፋሉ። አንዱ ይሳደባል። የከበቧቸው ጓደኞች «ዝም ትለዋለህ?» ይላሉ። ከዚያ በኋላ የቀረው ጥቂት ሰከንድ ነው። ብዙው የታዳጊዎች ጠብ ታስቦበት ሳይሆን እንዲህ በቅጽበት ይጀምራል።

የዓለም ጤና ድርጅት «የወጣቶች ጥቃት» የሚለው ከ10 እስከ 29 ዓመት ባሉ ሰዎች መካከል፣ በአብዛኛው ከቤት ውጭ የሚደርሰውን ነው። ከትምህርት ቤት ጉልቤነት እስከ ግድያ ይደርሳል። በድርጅቱ ግምት በዓመት 193 ሺህ ያህል ከ15 እስከ 29 ዓመት ያሉ ወጣቶች ይገደላሉ። አብዛኞቹ ወንዶች ናቸው።

አርቆ የሚያስበው የአንጎል የፊት ክፍል እስከ 20ዎቹ ዕድሜ አጋማሽ መብሰሉን አይጨርስም። የሚያይ ጓደኛ ሲኖር ደግሞ ይብሳል። እ.ኤ.አ. በ2005 በታተመ ጥናት፣ በኮምፒውተር ጨዋታ መኪና የነዱ ታዳጊዎች ብቻቸውን ከነበሩት ይልቅ ጓደኛ ሲያያቸው በጣም ደፋሮች ሆነው ነበር። አሁን ተመልካቹ ስልክ ውስጥም አለ፤ ማታ እንኳ ወደ ቤቱ አይሄድም።

ግን ዕድሜው ብቻውን ማንንም አያስደበድብም። አብዛኛው ታዳጊ ማንንም አይጎዳም። ልዩነቱ ብዙ ጊዜ ከቤት ይጀምራል። እየተደበደበ ያደገ ልጅ ሳያውቅ የነካውን ሰው እንኳ «ሆን ብሎ ነው» ብሎ ሊረዳው ይችላል። ቀድሞ መምታትን ራስን እንደ መከላከል ይቆጥረዋል። መጠጥ፣ በቀላሉ የሚገኝ መሣሪያና ከትምህርት መራቅ ሲጨመሩበት ነገሩ ይከፋል።

ታዲያ ምን ይሠራል? መጀመሪያ የማይሠራውን እናንሳ። ታዳጊዎችን እስር ቤት ወስዶ በእስረኞች ማስፈራራት በአሜሪካ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ተሞክሯል። ጥናቶቹ ሲጠቃለሉ ጥፋትን የሚያባብስ ሆኖ ተገኘ። ይህ ሊያሳስበን ይገባል፤ ምክንያቱም ዛሬም ብዙ አዋቂ መጀመሪያ የሚመጣለት ማስፈራራት ነው።

ቺካጎ ውስጥ የሚሰጥ አንድ ሥልጠና ሌላ መንገድ ይዟል። ልጆቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይቀመጣሉ። አንዱ ኳስ ይይዛል፤ ሌላው በ30 ሰከንድ እንዲወስድበት ይነገረዋል። ግብግብ ይጀምራሉ። ሲጨርሱ አሠልጣኙ «ለምን “ስጠኝ” ብለህ አልጠየቅከውም?» ይላል። አብዛኞቹ መጠየቅ ጨርሶ አልመጣላቸውም። በዕጣ በተመደቡ ተማሪዎች ላይ ሲፈተሽ፣ በሥልጠናው ወቅት በኃይል ወንጀል መያዝ በግማሽ ገደማ ቀንሷል። የተማሩት ቆም ማለትን ነው።

የወላጆች ድጋፍ፣ ጉልቤነትን በዝምታ የማያልፍ ትምህርት ቤት፣ መጠጥና መሣሪያን ከልጆች ማራቅም ይረዳሉ።

በአንዳንድ ከተሞች ሥራው ሆስፒታል ድረስ ይሄዳል። ተወግቶ የገባ ልጅ ገና ቁስሉ ሳይደርቅ ብድር መመለስን ያስባል። ጓደኞቹም በር ላይ ያንኑ ያወራሉ። ስለዚህ የልጁን ሠፈር የሚያውቅ፣ አንዳንዴ ራሱ በዚያው መንገድ ያለፈ ሰው አልጋው አጠገብ ቁጭ ይላል። ሲወጣ ወዴት እንደሚሄድ አብሮት ያስባል።