ዌስት ኢንዲስ፦ በክሪኬት ሜዳ ላይ ብቻ ያለች አገር

ዌስት ኢንዲስ በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ወንበር የላትም፤ ፓስፖርት አትሰጥም፤ ጦርም ሆነ ርዕሰ ብሔር የላትም። ሆኖም ከጃማይካ እስከ ጉያና በባሕር ተለያይተው የሚኖሩ፣ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው መንግሥትና ብሔራዊ መዝሙር ያላቸው ሕዝቦች ክሪኬት ሲመጣ በአንድ ቡድን ስም ይሰለፋሉ። የቡድኑ ዓርማ በትንሽ ደሴት ላይ የቆመ ዘንባባና የክሪኬት እንጨቶች ነው። በዚያ ሜዳ ላይ የተፈጠረው አገርነት በየቤተ መንግሥቱ ከተሞከረው ሁሉ በላይ ዕድሜ አግኝቷል። (ከአንዱ በስተቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ክሪኬትን ወደ ካሪቢያን ያመጡት እንግሊዞች ናቸው። ወርዋሪው ከመቺው ጀርባ የተተከሉትን ሦስት እንጨቶች በኳስ ለመጣል ይሞክራል፤ መቺው በዱላው እየተከላከለ ነጥብ ይሰበስባል። «ቴስት» የሚባለው ታላቁ ግጥሚያ እስከ አምስት ቀን ይዘልቃል። በሸንኮራ አገዳ እርሻ ባለቤቶች ዘንድ ጨዋታው የጨዋነት መለኪያ ነበር፤ ሥርዓቱም የእርሻውን ሥርዓት ይመስል ነበር። ቡድኑ የመጀመሪያውን ቴስት በ1928 ለንደን ላይ ሲያደርግ አምበሉ ነጭ ነበር፤ ከዚያም በኋላ ለሦስት ዐሥርት ዓመታት ያህል እንዲሁ ቀጠለ። በዘመኑ ከነበሩት መቺዎች ሁሉ ታላቅ ከሚባሉት አንዱ የነበረው ጥቁሩ ጆርጅ ሄድሊ እንኳ በአምበልነት የመራው በ1948 አንድ ቴስት ብቻ ነው።

በ1950 ቡድኑ እንግሊዝን በገዛ ሜዳዋ፣ በሎርድስ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አሸነፈ። ድሉን ያመጡት ሁለት ወጣት ወርዋሪዎች ነበሩ፤ ከሕንድ የጉልበት ሠራተኞች ዘር የተወለደው የትሪኒዳዱ ሳኒ ራማዲንና የጃማይካው አልፍ ቫለንታይን። እንግሊዝ ውስጥ የሚኖሩ የካሪቢያን ስደተኞች ጊታራቸውን ይዘው እየዘፈኑ ሜዳው ላይ ፈሰሱ።

አምበልነት ለጥቁር ይገባል የሚለው ጥያቄ ከነጻነት ጥያቄ ተለይቶ አይታይም ነበር። ትሪኒዳዳዊው ምሁር ሲ ኤል አር ጄምስ በሚያዘጋጀው የፖለቲካ ጋዜጣ ዘመቻውን አጠናከረ፤ በ1960 የባርቤዶሱ ፍራንክ ዎረል የመጀመሪያው ቋሚ ጥቁር አምበል ሆነ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ብሪዝበን ላይ ከአውስትራሊያ ጋር ያደረጉት ግጥሚያ በቴስት ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ በእኩል ነጥብ ተጠናቀቀ። ቡድኑ ሲመለስ የሜልቦርን ሕዝብ ጎዳና ወጥቶ ሸኘው።

ልብ ሊባል የሚገባው ነገር በዚያው ወቅት ሆነ። ዐሥር የእንግሊዝ ግዛቶች በ1958 የመሠረቱት የዌስት ኢንዲስ ፌዴሬሽን እየተናጋ ነበር። ጃማይካ በ1961 ሕዝበ ውሳኔ ወጣች፤ የትሪኒዳዱ መሪ ኤሪክ ዊሊያምስ «ከዐሥር አንድ ሲቀነስ የሚቀረው ዜሮ ነው» ብሎ ተከተለ፤ በ1962 ፌዴሬሽኑ ፈረሰ። ቡድኑ ግን አልፈረሰም። ፌዴሬሽኑን ከመጀመሪያውም ያልተቀላቀለችው ጉያና እንኳ በሜዳ ላይ አንድ አካል ነበረች።

በ1976 የበጋ ወራት እንግሊዝ ውስጥ የሆነውን የካሪቢያን ሰዎች እስከ ዛሬ ያነሡታል። ደቡብ አፍሪካ የተወለደው ነጩ የእንግሊዝ አምበል ቶኒ ግሬግ ዌስት ኢንዲሶችን መሬት አስድሃለሁ ብሎ በቴሌቪዥን ዛተ። ዘመኑ አፓርታይድ የበረታበት ነበርና ቃሉ እንደ ስድብ ተቆጠረ። የአንቲጓው ቪቭ ሪቻርድስ በአራት ግጥሚያዎች 829 ነጥብ ሰበሰበ፤ በመጨረሻው ግጥሚያ በኦቫል ሜዳ ብቻውን 291 አስቆጠረ። ማይክል ሆልዲንግ በዚያው ሜዳ ወርውሮ 14 ጊዜ መቺ አስወጣ። እንግሊዝ በግጥሚያዎች ብዛት 3 ለ 0 ተሸነፈች፤ ግሬግም በተመልካቹ ፊት በእጅና በጉልበቱ ዳኸ። ከ1980 እስከ 1995 በበርካታ የቴስት ግጥሚያዎች በሚካሄድ ውድድር ዌስት ኢንዲስን በድምር ያሸነፈ ቡድን አልነበረም።

ሪቻርድስ ለእኛም ቅርብ ነው። አንጓው ላይ ያጠልቀው የነበረው ማሰሪያ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ነበር። እነዚህ ቀለሞች ከኢትዮጵያ ሰንደቅ ዓላማ ተነሥተው በራስ ተፈሪያን በኩል የካሪቢያን ጥቁሮች ኩራት ምልክት ሆነዋል። ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ኪንግስተን ሲያርፉ የአውሮፕላኑን ዙሪያ ያጥለቀለቀውን ሕዝብ ያስታወሰ ሰው፣ ያ ማሰሪያ ከየት እንደመጣ ይገባዋል።

ፈተናውም ከአፓርታይድ መጣ። በ1983 በርካታ ተጫዋቾች በከፍተኛ ክፍያ ደቡብ አፍሪካ ሄደው ተጫወቱ፤ አገዛዙም «የክብር ነጮች» አድርጎ አስተናገዳቸው። ከካሪቢያን ክሪኬት ዕድሜ ልክ ታገዱ፤ እገዳው የተነሣው በ1989 ነው። ሪቻርድስ የቀረበለትን ገንዘብ አልቀበልም ብሏል። የሄዱት ብዙዎቹ ድሆች እንደነበሩ አውቃለሁ፤ ቢሆንም እምቢ ያለው ሰው ክብር ይበልጥብኛል።

አንድነቱ ስንጥቅ የለውም ማለት አይቻልም። በትሪኒዳድና በጉያና ከሚኖሩት የሕንድ ዝርያዎች መካከል ሕንድ ስትመጣ ለሕንድ የሚያጨበጭቡ ነበሩ። በደሴቶቹ መካከል የተጫዋች ምርጫ ዘወትር ያወዛግባል። በ2015 የካሪቢያን መንግሥታት ያቋቋሙት አጥኚ ኮሚቴ ቡድኑን የሚያስተዳድረው የክሪኬት ቦርድ እንዲፈርስ ሐሳብ አቀረበ፤ ቦርዱ አልተቀበለውም።

ጥር 2024 ብሪዝበን ላይ፣ በጀልባ ብቻ ከሚደረስባት የጉያና መንደር ባራካራ የመጣው የቀድሞው ጥበቃ ሠራተኛ ሻማር ጆሴፍ፣ የእግር ጣቱ ተጎድቶ ሰባት አውስትራሊያውያንን አስወጣ። ቡድኑ በስምንት ነጥብ ልዩነት አሸነፈ፤ በአውስትራሊያ ምድር ቴስት ሲያሸንፍ ከ27 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ጨዋታውን ሲያስተላልፍ የነበረው የቡድኑ የቀድሞ ታላቅ መቺ፣ ትሪኒዳዳዊው ብራያን ላራ፣ ማይክሮፎኑ ፊት አለቀሰ።