ክፍት ጨዋታ ማለት ያልተዘጋጁበት ጨዋታ አይደለም

በጠረጴዛ ዙሪያ የሚካሄደውን የሚና ጨዋታ መምራት ከጀመርሁ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል። ስለ አመራር ስልት ወሬ በተነሣ ቁጥር ቃሉ እንኳ ሳይለወጥ የምሰማው አንድ ዓረፍተ ነገር አለ፦ «እኔ ክፍት ጨዋታ ነው የምመራው፤ መዘጋጀት አልወድም።» ለጉዳዩ እንግዳ ለሆነ አንባቢ፣ በዚህ ጨዋታ መሪው ዓለሙን ይገልጻል፤ እያንዳንዱ ተጫዋች የአንድ ገጸ ባሕርይ ውሳኔ ይወስናል፤ አጠራጣሪውን ደግሞ ዳይስ ይፈርዳል። መሪው ክንውኖቹን ከመነሻ እስከ መድረሻ ደርድሮ ከመጣ ጨዋታው ባለ ጽሑፍ ይባላል፤ መንገዱን የተጫዋቾቹ ውሳኔ የሚያወጣው ከሆነ ግን ክፍት፣ በተለመደው የውጭ ስሙ ሳንድቦክስ ይባላል።

«ክፍት ጨዋታ ዝግጅት አይፈልግም።» ይህን የሚል ሰው በመራው ጠረጴዛ ላይ ተጫዋች ሆኜ ተቀምጬ አውቃለሁ። በመጀመሪያው ሳምንት የእንግዳ ማረፊያው ባለቤት አንካሳ ሽማግሌ ነበር፤ በሁለተኛው ሳምንት ሁለት እግሩ ደኅና የሆነ ጎልማሳ ሆኖ ጠበቀን። ከአጠገቤ የነበረችው ተጫዋች ማስታወሻ ደብተሯን ገልጣ ያለፈውን ሳምንት መግለጫ ቃል በቃል ስታነብለት መሪያችን ሣቅ ብሎ «ድኗል» አለ። ከዚያ ወዲያ ማንም ማስታወሻ አልያዘም። የምንመርጠው ነገር ሁሉ በዚያች ቅጽበት የሚፈጠር ከሆነ፣ ወደ ግራ መታጠፍም ወደ ቀኝ መታጠፍም ልዩነት የለውም፤ ልዩነት የሌለው ምርጫ ደግሞ ነፃነት አይደለም።

በክፍት ጨዋታ የሚለወጠው የዝግጅቱ መጠን ሳይሆን የሚዘጋጀው ነገር ነው። ባለ ጽሑፉ መሪ የሚሆነውን ያዘጋጃል፤ እኔ ያለውን አዘጋጃለሁ። ከደብተሬ አንዱን ገጽ ልጥቀስ፦ «የድልድዩ ጠባቂ አዛዥ፤ ደመወዙ ሦስት ወር ውዝፍ ነው፤ የበሩ ቁልፍ በእጁ ነው፤ በስድስት ቀን ውስጥ ካልተከፈለው ለሽፍቶቹ ይከፍታል።» ተጫዋቾቼ የአዛዡን ምሬት ጠጅ ቤት ሰምተው ነበር፤ ሆኖም የመድኃኒት ቅጠል ፍለጋ ወደ ተራራው መውጣትን መረጡ። በስምንተኛው ቀን ሲመለሱ ከተማዋ ተቃጥላለች። አንዳቸውም በእኔ ላይ አላጉረመረሙም፤ ይልቁንም «ያኔ ብንከፍለውስ ኖሮ» እያሉ እርስ በርሳቸው ሲወቃቀሱ አመሹ። ይህ ምሽት የተገኘው ከአንድ የደብተር ገጽ እንጂ ከምናቤ ፍጥነት አይደለም።

ስለዚህ ለጀማሪ የምመክረው ይህንኑ ነው። ለእያንዳንዱ ዋና ሰው ምን እንደሚፈልግ፣ በእጁ ምን እንዳለና ማንም ካልከለከለው መቼ ምን እንደሚያደርግ ይጻፍ። ተጫዋቾቹ ሊደርሱበት የሚገባ ምሥጢር ካለ ቢያንስ በሦስት ቦታ ፍንጭ ይቀመጥለት፤ ሁለቱን ያለ ጥርጥር ይስቷቸዋልና። ድንገት ለሚመጡ ሰዎች የሚሆን የስም ዝርዝር በወረቀት ተጽፎ ይያዝ። ያልታሰበ ግንኙነት ሲፈጠር ደግሞ ዳይስ ያግዛል፤ በ1981 የወጣው፣ ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ የተባለው የሚና ጨዋታ የጀማሪዎች ደንብ ባለ ስድስት ገጽ ሁለት ዳይስ አስጥሎ፣ 2 ከወጣ ወዲያውኑ ጥቃት፣ 12 ከወጣ የሞቀ ወዳጅነት እንዲሆን አድርጓል። እኔ ለጠላትነት ያሰብሁት ሽፍታ በዚህ መንገድ የቡድኑ መንገድ መሪ ሆኖ አንድ ዓመት ኖሯል።

«የተጻፈ ጨዋታ ሁሉ ተጫዋቹን በሐዲድ ላይ ያስኬዳል።» ይህ ደግሞ የእኛ የክፍት ጨዋታ ወዳጆች ትዕቢት ነው። ሐዲድ የሚሠራው ጽሑፉ ሳይሆን ጽሑፉን ለማዳን ሲል የተጫዋቹን ውሳኔ ከንቱ የሚያደርግ መሪ ነው፤ በሩን ቢሰብሩት ከኋላው ግንብ፣ በመስኮት ቢወጡ ከሥሩ ዘብ የሚያቆም ዓይነት። በ1983 የታተመው፣ ለዚሁ ለደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ የተዘጋጀው ሬቨንሎፍት የተባለ ጀብዱ በቅድሚያ የተጻፈ ነው፤ ነገር ግን ዋናው ጠላት ቤተ መንግሥቱ ውስጥ የት እንደሚገኝ፣ ዓላማው ምን እንደሆነና ወሳኞቹ ዕቃዎች የት እንዳሉ በካርታ ጨዋታ ጥንቆላ ይወሰናል። ከዚያ በፊት በ1979 የወጣው «ኪፕ ኦን ዘ ቦርደርላንድስ» የተባለ ሌላ ጀብዱ የሚሰጠው አንድ ምሽግ፣ በዙሪያው ያለውን ምድረ በዳና ብዙ ዋሻዎች ያሉበትን ሸለቆ ነው፤ የትኛው ዋሻ እንደሚቀድም ግን አይነግርም።

«ጀማሪ መሪ ክፍት ጨዋታ አይችልም።» አንዲት መንደር፣ አራት ሰዎችና አንድ ጠብ ካሉት ይችላል።

«ተጫዋቾች ከታቀደው ካፈነገጡ ምሽቱ ከሽፏል።» የጨዋታው የራሱ ታሪክ ይህን ያፈርሳል። በ1969 በአሜሪካ ሚኒሶታ፣ ዴቪድ ዌስሊ የተባለ የጦርነት ጨዋታ መሪ በናፖሊዮን ዘመን የሚካሄድ ውጊያ አዘጋጀ፤ የውጊያውም ስፍራ ብራውንስታይን የምትባል ምናባዊ የጀርመን ከተማ ነበረች። ከጦር አዛዦቹ ሌላ ለተገኙት ተጫዋቾች ከንቲባ፣ የባንክ ባለቤት እያለ ሚና አደላቸው፤ ለእያንዳንዳቸውም የግል ዓላማ ሰጣቸው። የታቀደው ውጊያ አልተካሄደም፤ ተጫዋቾቹ በየጥጉ ሴራ ሲሸርቡና መሪውን ያላሰበውን ሁሉ ሲጠይቁት አመሹ። ከእነዚያ ተጫዋቾች አንዱ ዴቭ አርነሰን ነው፤ ከጋሪ ጋይጋክስ ጋር ሆኖ በ1974 ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስን ያወጣ። ዌስሊ ግን በዚያች ሌሊት ጨዋታው እንደተበላሸበት ቆጥሮ ነበር፤ ተጫዋቾቹ መጥተው ቀጣዩ መቼ እንደሆነ እስኪጠይቁት ድረስ።