«ባዮስ ውስጥ እንዳትገባ!»፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ገና ሲበራ፣ ዊንዶውስ ሳይመጣ፣ ዲሊት ወይም ኤፍ 2 ደጋግሞ ሲነካ ብቅ የሚል ገጽ አለ። ባዮስ እንለዋለን፤ ኮምፒውተሩን ከመነሻው የሚያስነሳው ፕሮግራም ማስተካከያ ገጽ ነው። በአዳዲሶቹ ማሽኖች ላይ ትክክለኛ ስሙ ዩኢኤፍአይ ነው፤ ሙሉውን ሣጥን «ሲፒዩ» የምንል ሰዎች ግን በስም አንጣላም። ለዓመታት የቢሮ ኮምፒውተር ስጠግን ሰው እንደዚህ የሚፈራው ገጽ አላየሁም። ባላጠፋው ይከሰሳል፤ እውነትም እሱ ያመጣውን ችግር ደግሞ ቫይረስና ኔትወርክ ይሸከሙለታል።

«ባዮስ ከተገባ ፋይል ይጠፋል»

ፕሮግራሙ የሚኖረው ማዘርቦርዱ ላይ ባለች ትንሽ ቺፕ ውስጥ ነው፤ ሰነዳችሁና ፎቶአችሁ ያሉት ዲስኩ ላይ። ገብቶ ማየት የሚያጠፋው ነገር የለም። የነካካችሁትም ቢሆን ኤፍ 10 ብላችሁ ካላስቀመጣችሁት በአብዛኛው አይጸናም። አንዳንድ የቢሮ ማሽኖች ዲስክ ጠራርጎ የሚያጸዳ «ዳታ ዋይፕ» የሚባል ምርጫ አላቸው፤ እሱም ደጋግሞ ሳይጠይቅ አይሠራም።

ፋይል የጠፋ የሚያስመስለው ሌላ ነው። አንድ ጊዜ የሒሳብ ክፍል ኮምፒውተር ሰማያዊ ስክሪን ላይ ቆሞ ተጠራሁ። ከእኔ በፊት የመጣው ልጅ «ፎርማት ካልተደረገ አይነሳም» ብሎ ፍላሹን ሰክቷል፤ ባክአፕ የሚባል ነገር የለም። ስጠይቅ ጠዋት የማዘርቦርዱ ባትሪ ተቀይሮለት ኖሯል። ባትሪው ሲወጣ ሴቲንጉ ወደ ፋብሪካው ተመልሶ፣ የዲስኩ አሠራር ከኤኤችሲአይ ወደ ሬይድ ዞሯል፤ ሁለቱም ማሽኑ ዲስኩን የሚያናግርባቸው መንገዶች ናቸው። ዊንዶውስ ለመነሻ የሚያዘጋጀው በተጫነበት አሠራር የሚያስፈልገውን ድራይቨር (ዲስኩን የሚያናግርበት ፕሮግራም) ነው፤ በሌላው ሲቀሰቅሱት ዲስኩ ፊቱ ተቀምጦ አያየውም። ወደ ኤኤችሲአይ መለስኩት፣ ተነሳ። ልጁ ፍላሹን ነቅሎ ኪሱ ከተተ።

ሌጋሲ (የድሮው የማስነሻ ዘዴ) የነበረውን ወደ ዩኢኤፍአይ መቀየርም እንዲሁ ነው፤ የሚነሳበት ዲስክ እንዳጣ ይናገራል እንጂ ዲስኩ አልተነካም። እኔ አንድ ነገር ከመቀየሬ በፊት እያንዳንዱን ገጽ በስልኬ ፎቶ አነሳለሁ።

«ሰዓቱ የሚዛባው ቫይረስ ስለገባበት ነው»

ባዮስን የሚያጠቃ ቫይረስ የለም ማለቴ አይደለም። በ1998 ብቅ ያለው ሲአይኤች፣ ብዙዎች ቼርኖቤል ያሉት፣ በፈረንጆቹ ኤፕሪል 26 ቀን 1999 የብዙ ማሽኖችን ባዮስ አበላሽቷል። እሱ ግን ሰዓት አያዛባም፤ ማሽኑን ጭራሽ እንዳይነሳ ነበር የሚያደርገው።

ሰዓት የሚዛባው ብዙውን ጊዜ ሲአር 2032 የምትባል፣ ሳንቲም የምታክል ባለ 3 ቮልት ባትሪ ስትደክም ነው። ኮምፒውተሩ ከመብራት ሲነቀል ሰዓቱን የምታስኬደው እሷ ናት። ሶኬት ላይ ተሰክቶ እስካለ ድረስ ቢጠፋም እንኳ ከፓወር ሰፕላዩ ጥቂት ኃይል ስለሚመጣ ታርፋለች። ማታ ማታ ዲቫይደሩን አጥፍቶ የሚሄድ ቢሮ፣ መብራት የሚመላለስበት ሰፈር፣ ባትሪዋን ቶሎ ይጨርሳታል። ከደከመች ማሽኑ በተነሳ ቁጥር ኤፍ 1 ንኩ ይላል፤ ቀኑም ዓመታት ወደ ኋላ ይሄዳል።

ከዚያ ኢሜይል አልከፍት ይላል፤ ሰውም ኔትወርኩን ይረግማል። ድረ ገጾች ማንነታቸውን የሚያሳዩበት ሰርተፍኬት የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን አለው። የእናንተ ማሽን ከመጀመሪያው ቀን በፊት ከቆመ፣ ብራውዘሩ ገና ያልተሰጠ ሰርተፍኬት አድርጎ ቆጥሮ በሩን ይዘጋል።

እዚህ ላይ የእኛ ብቻ የሆነ ስህተት አለ። ባዮስ የሚያውቀው የፈረንጁን ዘመን ነው። 2018 ዓ.ም. ነው ብሎ ዓመቱ ላይ 2018 የሞላ ሰው አጋጥሞኛል፤ ጠዋት 3 ሰዓት ነው ብሎም 03:00 አስገብቷል፤ 09:00 ነበር መሆን ያለበት። ባትሪው አዲስ፣ ኢንተርኔቱ ደህና፣ አንድም ገጽ አይከፈትም! ልዩነቱ እንዲህ ሲሰፋ ዊንዶውስ በራሱ ያስተካክለዋል ብላችሁ አትጠብቁ። ዊንዶውስና ሊኑክስን አንድ ላይ የጫናችሁ ደግሞ ሰዓቱ በ3 ሰዓት ቢንሸራተት ባትሪ አትግዙ፤ ዊንዶውስ በቺፑ ላይ የአገሩን ሰዓት ይጽፋል፣ ሊኑክስ የግሪኒቹን ነው ብሎ ያነበዋል።

«ባትሪውን ብናወጣ ፓስዎርዱ ይጠፋል»

በድሮዎቹ አዎ። በብዙ የቅርብ ጊዜ የቢሮ ማሽኖች ላይ ግን ፓስዎርዱ ያለ ኃይል በሚቆይ ቺፕ ላይ ስለሚጻፍ ባትሪውን ሳምንት ብታወጡት ንቅንቅ አይልም። አንዳንዱ ማዘርቦርድ ለዚሁ የተሠራ ጃምፐር (ቦታዋ የሚቀየር ትንሽ ማገናኛ) አለው፤ ሌላው ወደ አምራቹ፣ ከግዢ ደረሰኝ ጋር። ስለዚህ ከውጭ የመጣ ያገለገለ ኮምፒውተር የምትገዙ፣ ገንዘብ ሳትቆጥሩ እዚያው ሱቁ ውስጥ አስነሱትና ባዮስ ግቡ። ፓስዎርድ ከጠየቀ ሻጩ ይፍታው።

ይህ ፓስዎርድ ፋይል ይጠብቃል ብሎ ማመንም አይገባም። ዲስኩን ፈትቶ ሌላ ማሽን ላይ መሰካት በቂ ነው። ፋይል የሚጠብቀው እንደ ቢትሎከር ያለ ማመስጠሪያ ነው፤ እሱ ካለ ደግሞ ሴኪዩር ቡት (ያልታመነ ፕሮግራም እንዳይነሳ የሚከለክለው) ወይም ቲፒኤም (ቁልፍ የሚጠብቀው ቺፕ) ከመንካታችሁ በፊት ባለ 48 አኃዙ ቁልፍ እጃችሁ ላይ ይኑር። ያለበለዚያ ማሽኑ ሲነሳ እሱን ሊጠይቃችሁ ይችላል።

«ባዮስ አፕዴት ያፈጥናል»

ለፍጥነት አይደለም የሚወጣው። አዲስ ፕሮሰሰር እንዲቀበል፣ ሜሞሪ እንዲስማማው፣ የደህንነት ቀዳዳ እንዲደፈን ነው። ቺፑ እየተጻፈ መሃል ላይ መብራት ከጠፋ ማሽኑ ላይነሳ ይችላል፤ መጠባበቂያ ያለው ማዘርቦርድ ይተርፋል፣ የሌለው ግን ቺፑን በፕሮግራመር እንደገና የሚጽፍለት ቴክኒሻን ይፈልጋል። ያለ ዩፒኤስ አልሞክረውም።

ለፍጥነት ከሆነ ሜሞሪውን በተጻፈለት ፍጥነት የሚያስኬደውን ኤክስኤምፒን እዩት። 3200 የተባለ ዲዲአር 4 ሜሞሪ ይህ ካልበራ ብዙ ጊዜ በ2133 ወይም በ2400 ነው የሚሄደው። በአብዛኞቹ የቢሮ ማሽኖች ላይ ግን ምርጫው የለም።

«ኤፍ 2 አልሠራ ካለ ተቆልፏል»

አብዛኛውን ጊዜ አልተቆለፈም፤ ፈጥኖ አልፏችሁ ነው። ዊንዶውስ ላይ ሺፍትን ይዛችሁ ሪስታርት በሉ፤ ከሚመጣው ሰማያዊ ገጽ ትራብልሹት፣ ከዚያ አድቫንስድ ኦፕሽንስ ውስጥ የዩኢኤፍአይ ሴቲንግ ይገኛል።

«መብራት ሲመጣ ራሱ የሚነሳው ተበላሽቶ ነው»

ታዞ ነው። ኃይል ተቋርጦ ሲመለስ ምን ላድርግ የሚል መስመር አለ፤ ሦስት መልስ አለው፦ ይነሳ፣ እንደጠፋ ይቆይ፣ ወደነበረበት ይመለስ። ለካሜራ መቅጃና ለሰርቨር «ይነሳ» ይሻላል። ለቤት ግን እንደጠፋ ይቆይ፤ መብራት ሲመጣ መጀመሪያ ላይ ከፍ ዝቅ ማለቱን አምፖሉ ራሱ ይነግራችኋል።