«ምን አገባሽ?»፦ ስለ ሰው አገር ፖለቲካ መናገር ላይ ያሉ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሰኔ 2016 ዓ.ም. የኬንያ ወጣቶች የፋይናንስ ሕጉን ተቃውመው ፓርላማ ሲገቡ፣ እኛ መሥሪያ ቤት ምሳ ሰዓት ላይ ሌላ ወሬ አልነበረም። ፕሬዚዳንታቸው ሩቶ ይህን ማድረግ ነበረበት፣ ፖሊሱ ያንን ማድረግ አልነበረበትም። ሁላችንም ሐሳብ ነበረን። ከሳምንት በኋላ እዚያው ጠረጴዛ ላይ አንዲት ኬንያዊት ባልደረባችን፣ እኛ አገር በየጊዜው ስለሚቋረጠው ኢንተርኔት አንድ ነገር ተናገረች። ሽሮው ገና አላለቀም። አንዱ እጁን ከትሪው አነሳና «አንቺ ደግሞ ምን አገባሽ?» አላት። አማርኛዋ ያን ያህል ባይሆንም ይህቺን አልሳተችም። ዝም አለች። እኔም ዝም አልኩ። ያ ዝምታዬ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ያኔ ልላቸው የሚገባኝን አሁን ልጻፈው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

«የውስጥ ጉዳይ ነው፤ የውጭ ሰው እንዳይናገር ሕግ ይከለክላል»

እንዲህ የሚሉ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚጠቅሱት የተባበሩት መንግሥታት ድርጅትን ቻርተር ነው። አንቀጽ 2 ንዑስ አንቀጽ 7 ድርጅቱ በአንድ አገር የውስጥ ጉዳይ ጣልቃ እንዳይገባ ይገድበዋል። ልብ በሉ፤ የሚገድበው ድርጅቱን ነው። ንዑስ አንቀጽ 4 ደግሞ አገሮች አንዱ በሌላው ላይ ጦር እንዳይመዝ፣ እንዳይዝትም ይከለክላል። አንድ ሰው ሐሳቡን እንዳይናገር የሚል ቃል የለም።

ዲፕሎማት ይለያል። በ1961 የቪየና ስምምነት መሠረት አምባሳደር በተቀበለው አገር የውስጥ ጉዳይ ጣልቃ መግባት የለበትም። ከገባም አገሩ ምክንያት ሳይሰጥ ሊያባርረው ይችላል። ይህ ልክ ነው እላለሁ። አምባሳደር ሲናገር ከጀርባው ብድር አለ፣ ዕርዳታ አለ፣ አንዳንዴም ጦር አለ። ባልደረባችን ግን ያላት አፏ ብቻ ነው። እሷን የሚመለከታት የ1948ቱ የሰብአዊ መብቶች መግለጫ አንቀጽ 19 ነው። ሰው ሐሳብን የመቀበልና የማስተላለፍ መብቱ በድንበር አይገደብም ይላል። ኢትዮጵያም መግለጫውን በድምፅ ከደገፉት 48 አገሮች አንዷ ናት።

«በሰው አገር ጉዳይ መግባት የነጮች አመል ነው»

ይህን የሚል ሰው የራሳችንን ታሪክ ረስቷል።

ኖቬምበር 4 ቀን 1960 ኢትዮጵያና ላይቤሪያ ደቡብ አፍሪካን ሄግ በሚገኘው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ከሰሷት። ጉዳዩ ዛሬ ናሚቢያ ስለምንላት አገር ነበር። ያኔ ደቡብ ምዕራብ አፍሪካ ትባላለች። ደቡብ አፍሪካ በአደራ የተቀበለቻትን አገር በአፓርታይድ፣ ማለትም ሰውን በቀለም በሚለይ ሥርዓት፣ ትገዛ ነበር። አደራውን የሰጠው ከተባበሩት መንግሥታት በፊት የነበረው የመንግሥታቱ ማኅበር ነው፤ ኢትዮጵያና ላይቤሪያ ደግሞ የማኅበሩ አባላት ስለነበሩ «ይመለከተናል» ብለው ቆሙ። ከናሚቢያ ጋር ድንበር አይጋሩም። የተወሰደባቸው መሬትም የለም።

ክርክሩ ስድስት ዓመት ገደማ ፈጀ። ጁላይ 18 ቀን 1966 ዳኞቹ ሰባት ለሰባት እኩል ተከፈሉ፤ የፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ድምፅ ሚዛኑን አጋደለው። ፍርዱ ባጭሩ፣ በጉዳዩ ሕጋዊ መብት ወይም ጥቅም እንዳላችሁ አላስረዳችሁም የሚል ነበር። በእኛ አማርኛ «ምን አገባችሁ?» ማለት ነው። እኔ ይህን ሳነብ የመጣብኝ የዚያች ባልደረባችን ፊት ነው።

ነገሩ ግን እዚያ አልቆመም። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ የደቡብ አፍሪካን አደራ ሻረ። በ1971 ያው ፍርድ ቤት የደቡብ አፍሪካ እዚያ መቆየት ሕገ ወጥ ነው የሚል የምክር አስተያየት ሰጠ። ናሚቢያ በ1990 ነፃ ወጣች።

አፍሪካውያን ዝም ያሉበት ጊዜም አለ፤ ዋጋውም ታይቷል። በ1963 አዲስ አበባ ላይ የተፈረመው የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ቻርተር ጣልቃ አለመግባትን መርሕ አደረገ። የዑጋንዳው መሪ ኢዲ አሚን ዜጎቹን እየፈጀ በ1975 የድርጅቱ ሊቀ መንበር ሆነ። የታንዛኒያው መሪ ጁሊየስ ኔሬሬ ለስብሰባው ካምፓላ አልሄድም አሉ፤ ብዙዎቹ ግን ሄዱ። በ1986 አዲሱ የዑጋንዳ መሪ ሙሴቬኒ እዚሁ አዲስ አበባ መጥተው፣ ዑጋንዳውያን ሲያልቁ አብዛኛው አፍሪካ ዝም በማለቱ ሕዝባቸው እንደተከዳ እንደተሰማው በመሪዎቹ ፊት ተናገሩ። ድርጅቱን የተካው የአፍሪካ ኅብረት መቋቋሚያ ሰነድ አንቀጽ 4 የጦር ወንጀል፣ የዘር ማጥፋት ወይም በሰብአዊነት ላይ የሚፈጸም ወንጀል ሲኖር ኅብረቱ ጣልቃ የመግባት መብት አለው ይላል። ይህን የጻፍነው እኛው አፍሪካውያን ነን።

«የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች»

ተረቱን እወደዋለሁ። ግን የሰውየው ወጥ አለማረሩን አያሳይም።

እላይ ያነሳሁት ክስ ሲመሠረት እኛ አገር አንድም የፖለቲካ ፓርቲ አልነበረም። ወር ከምናምን ቆይቶ የታኅሣሥ ግርግር ፈነዳ። ንጉሠ ነገሥቱ ቤታቸው ንጹሕ አልነበረም። አፓርታይድ ግን በዚህ ምክንያት ደህና ነገር አይሆንም።

የአሜሪካን ደግሞ እዩ። ሶቪየት ኅብረት ራሷ የግዞት ካምፕ ሞልቷት፣ አሜሪካ በጥቁሮች ላይ የምታደርሰውን ግፍ ሌት ተቀን ትለፍፍ ነበር። ዓላማዋ ለጥቁሮች ማዘን አልነበረም። ወሬው ግን እውነት ነበር፤ ዋሽንግተንንም አሳፈራት። በ1952 የአሜሪካ መንግሥት ራሱ ለጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ባስገባው ጽሑፍ፣ የዘር መድልዎው ለኮሚኒስቶች ፕሮፓጋንዳ መኖ እየሆነ እንደሆነ አስረዳ። በ1954 ፍርድ ቤቱ በትምህርት ቤት ጥቁርና ነጭን መለየት ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል አለ። በ1957 ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ጥቁር ተማሪዎች ከነጮች ትምህርት ቤት እንዲገቡ ሊትል ሮክ ወደምትባል ከተማ ወታደር ሲልኩም፣ ጠላቶቻችን በዚህ ደስ እያላቸው ነው ብለው ለሕዝቡ ተናግረዋል። ተቺው ግብዝ ሆኖም ትችቱ ሥራ ሠርቷል።

«ያልኖረበት ምን ያውቃል?»

ይህቺ ግማሽ እውነት አላት። ከሩቅ የሚያወራ ሰው ይስታል። የቦታ ስም ያምታታል፣ የአንዱን ወገን ሰምቶ ይፈርዳል። እንዲህ ሲሆን «ተሳስተሃል፣ ነገሩ እንዲህ ነው» ማለት ነው። ከየት መጣህ ብሎ መጠየቅ ስህተቱን አያርምም።

ሲልቪያ ፓንክኸርስት በ1936 እንግሊዝ አገር ለኢትዮጵያ የሚሟገት ጋዜጣ ስትጀምር አዲስ አበባን በዓይኗ አላየችም ነበር። የለንደኑን ሚኒስትራችንን ሐኪም ወርቅነህ እሸቴን ታነጋግር ነበር፤ ስደተኞችን ትሰማ ነበር። ሙሶሊኒንም፣ የገዛ አገሯን መንግሥትም አልማረችም። ዛሬ ያረፈችው ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ነው። እኛ «ምን አገባሽ» ብለን አልመለስናትም።

የታክሲ ረዳቱ «ሜክሲኮ፣ ሜክሲኮ፣ አንድ ሰው!» ሲል አደባባዩ ስሙን ከየት እንዳገኘ ስንቶቻችን እናስባለን? ጣሊያን ኢትዮጵያን መያዟን አንቀበልም ካሉት ጥቂት አገሮች አንዷ ሜክሲኮ ስለነበረች ነው። ሜክሲኮ ሲቲም በእኛ ስም የተሰየመ የሜትሮ ጣቢያ አላት።

«መሪን መተቸት ሕዝቡን መስደብ ነው»

አይደለም። «ሐበሾች ሲፈጥራቸው እንዲህ ናቸው» የሚል የውጭ ሰው ሰድቦናል፤ ልንቆጣ ይገባል። «ይህ አዋጅ ልክ አይደለም» የሚል ግን አልሰደበንም። ማንዴላ በ1962 አዲስ አበባ መጥተው የአገራቸውን መንግሥት በአደባባይ ሲከሱ፣ የውጭው ዓለም ጫናውን እንዲያጠብቅላቸው ይፈልጉ ነበር። ያንን ጥሪ ሰምቶ የፕሪቶሪያን መንግሥት የተቸ ሁሉ ከሕዝቡ ጎን ነው የቆመው።

«መብት ስለሆነ የትም ሆነህ መናገር ትችላለህ»

ይህኛው ስህተት ሰው ያስበላል። ታይላንድ ውስጥ ንጉሡን የዘለፈ፣ የውጭ ዜጋም ቢሆን፣ ለእያንዳንዱ ዘለፋ ከ3 እስከ 15 ዓመት ሊታሰር ይችላል። በበርካታ የባሕረ ሰላጤው አገሮችም ገዢውን መዝለፍ ወንጀል ነው፤ በፌስቡክ የተጻፈም ይቆጠራል። እዚያ ያሉ ብዙ እኅቶቻችን ደግሞ በካፋላ ሥርዓት የመኖሪያ ፈቃዳቸው ከአሠሪያቸው ጋር ታስሮ ነው የሚኖሩት። «ለምን ዝም ትላለህ፣ ለምን ዝም ትያለሽ» እያልን ከዚህ አንጨቅጭቃቸው። እዚህ ሆናችሁ ስለዚያ አገር ስትጽፉ የእኅታችሁን ስም አታንሱ፣ ፎቶዋን አትለጥፉ፣ ታግ አታድርጓት። ድምፅዋን በዋትስአፕ ልካላችሁ ከሆነም ታሪኩን በራሳችሁ ቃል ጻፉት እንጂ ቅጂውን አታሠራጩ።